ውሃው የት ገባ? ከድሬዳዋና ከሐረር ለመጡ የማሳ ጥያቄዎች መልስ

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሲላኩ ስለ አፈር ተብለው ነው። ገልበጥ አድርጎ ላያቸው ግን አብዛኞቹ የውሃ ጥያቄ ናቸው። ድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሐረር ከፍ ስለምትል ትንሽ ይሻላታል። የሚጎዳን የዝናቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ በጥቂት ቀናት ተጠራቅሞ መውረዱም ነው። አንድ ሄክታር ተዳፋት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ግማሹ ቢሸሽ 150 ሺህ ሊትር ውሃ ሄደ ማለት ነው። ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ 15 ጊዜ ተመላልሶ የሚያመጣው መሆኑ ነው። ስለዚህ «ውሃው የት ገባ?» የሚለው በየመልሱ ቢደጋገም አይሰልቹ።

«ካቡ በየክረምቱ እዚያው ቦታ ላይ ይፈርሳል»

ጥያቄ፦ ማሳዬ ቢዮ አዋሌ ነው። የድንጋይ ካብ ከሠራሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በየክረምቱ አንድ ቦታ ላይ ይበሳል፤ ጠግኜው ስጨርስ እንደገና ያው ቦታ። አሁን ከካቡ በታች ቦረቦር ጀምሯል። ድንጋዩን ላተልቀው ወይስ ሲሚንቶ ልጨምርበት?

መልስ፦ ሲሚንቶውን ይተዉት። እየደጋገመ አንድ ቦታ የሚበሳ ካብ እዚያ ጋ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ውሃ የካቡን ጥንካሬ አይፈትንም፤ ዝቅ ያለችውን ነጥብ ፈልጎ ከግራም ከቀኝም እዚያ ይሰበሰባል። እርስዎ ድንጋይ በጨመሩ ቁጥር ያው ውሃ በበለጠ ክብደት ይመጣል። ሲሚንቶ ደግሞ ካቡን ግድብ ያደርገዋል። ካብ ግን ውሃውን እያሳለፈ ደለሉን እንዲያስቀር ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ መስመሩን እንደገና ይለኩት። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት እንጨት (1 ሜትር ተኩል ይበቃል)፣ 10 ሜትር ሲባጎና በገመድ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ ያስፈልጋል። ውሃ ልኩ የሚንጠለጠለው በትክክል መሃል፣ 5 ሜትሩ ላይ ነው። ወደ አንዱ ጫፍ ትንሽ ካዘነበለ ሲባጎው ስለሚረግብ ልኩ ይዋሻል። ሦስት ሰው ይሠራል፤ ሁለቱ እንጨት ይይዛሉ፣ አንዱ አረፋዋን ያያል። አረፋዋ መሃል ስትቆም ሁለቱ እንጨቶች የቆሙበት ቦታ እኩል ከፍታ ነው፤ ችካል ይተክላሉ፣ ይቀጥላሉ። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት እንጨቶቹን ቦታ አለዋውጠው ያንኑ ልክ ይድገሙት። መልሱ ከተለየ ውሃ ልኩ ተበላሽቷል፤ በተበላሸ ውሃ ልክ ከመሥራት በዓይን መገመት ይሻላል። ችካሎቹ ሲያልቁ መስመሩ ትንሽ የተጠማዘዘ ይመስላል። ጎባጣውን ማለስለስ ይቻላል፤ ለዓይን እንዲያምር ብሎ ቀጥ ማድረግ ግን አይቻልም። ብዙው ካብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል፣ ተራራው ግን ቀጥ አይደለም።

ከዚያ መሠረቱ። አፈር ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ከሥሩ ይታጠባል። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፍሩና ትላልቆቹን ድንጋዮች እዚያ ይቅበሩ። ከመሬት በላይ 70 ሳንቲ ሜትር ለሚቆም ካብ ግርጌው እስከ 80 ሳንቲ ሜትር፣ አናቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። የታችኛው ፊት ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ በየ3 እጅ ቁመቱ 1 እጅ ወደ ውስጥ ይጋደማል። በላይኛው በኩል በድንጋዮቹ መሃል ጠጠር ይጠቅጠቁ፤ ውሃውን አሳልፎ ደለሉን የሚያስቀረው እሱ ነው። ጠጠር የሌለው ካብ ወንፊት ሳይሆን በር ነው።

በካቦቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ በተዳፋቱ ይወሰናል። በ10 ሜትር ሲባጎ ግማሽ ሜትር ዝቅ የሚል ማሳ 5 በመቶ ተዳፋት ነው፤ 20 ሜትር ያህል ማራራቅ ይቻላል። 1 ሜትር ከወረደ 10 በመቶ ነው፤ ወደ 15 ሜትር ያቀራርቡ። 15 በመቶ ሲደርስ 12 ሜትር አካባቢ። ጥያቄዎ ላይ የማሳዎ የላይኛው ወሰን ላይ ምን እንዳለ አልጻፉም፤ እኛ ቀድመን የምናየው ግን እሱን ነው። ከላይ ራቁቱን የቀረ ገመገም ካለ ሦስት ካብም አይበቃዎትም። ከመጀመሪያው ካብ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል፤ በ10 ሜትር ርዝመት 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ የሚል፣ ከዚያ ከበለጠ ራሱ ቦይው ቦረቦር ይሆናል። መውጫው ሳር ወደ ያዘ ወይም ድንጋይ ወዳለበት የተፈጥሮ መፋሰሻ እንጂ ወደ ጎረቤት ማሳ አይሁን። የእርከን ጠብ አብዛኛው የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ቦይ ከመቆፈርዎ በፊት ከታች ካለው ጎረቤት ጋር አብረው ይዩት።

የተጀመረውን ቦረቦር በተመለከተ ወደ ታች የደቻቱ ወንዝ ጥያቄ ላይ ስላለ እዚያ ያንብቡት።

«ካቡ ላይ ምን ልትከል?»

ጥያቄ፦ ባህር ዛፍ ያዋጣል የሚሉ አሉ። (ሶፊ)

መልስ፦ ባህር ዛፍ በእህል ማሳ እርከን ላይ አይተከል፤ ሥሩ እርጥበቱን ከማሽላው ጋር ይሻማል፣ ማሽላውም ይሸነፋል። እርጥበት በሚያገኝ ከፍ ያለ ማሳ ዝሆኔ ሳር ወይም ዴሾ ሳር፣ በቆላማው ደግሞ ድርቅ የሚችለው ቬቲቨር ይሻላል። ቬቲቨር ከብት ብዙም አይወደውም፤ ልቅ ግጦሽ ባለበት ቦታ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ግንጣይ፣ ዝናቡ በደንብ ከያዘ በኋላ። የርግብ አተር በመሃል በመሃል ቢገባበት እህልም መኖም ማገዶም ይሆናል። የመጀመሪያውን ዓመት ከፍየል ካልተጠበቀ ግን የተተከለው ሁሉ ከንቱ ነው።

«አቦ፣ ገረባው ለፍየል ብቻ ነው እንዴ?»

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሰፈራችን ማታ ማታ የሚጣለው ገረባ (ተቅሞ የቀረ የጫት ትራፊ) ጋሪ ይሞላል። ግቢዬ ውስጥ ጥቂት ፓፓያና ጎመን አለኝ። ገረባ ኮምፖስት ይሆናል? መድኃኒት የተረጨ ጫት ነው የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል፣ አንድ ነገር ይበዛበታል። የሚጎድሉት ናይትሮጅንና ውሃ ናቸው። ጫቱ ሲቃም ለስላሳው ቅጠል ሄዷል፤ የቀረው ጠንካራ ቅጠልና እንጨት ነው። እንጨት ብቻውን ቢከመር ዓመት ቆይቶም እንጨት ነው። የሚበዛበት ፌስታልና ክር ነው፤ መጀመሪያ እሱን ይልቀሙ፣ በኋላ ከበሰበሰ ኮምፖስት ውስጥ ፌስታል መልቀም ሌላ ሥራ ነው።

እንጨቱን ከ5 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይቆራርጡት። በደጋ አገር ኮምፖስት ከመሬት በላይ ይከመራል፤ በድሬ ሙቀት ግን በሁለት ቀን ይደርቃል። ስለዚህ ጥላ ሥር ጉድጓድ ይሻላል፦ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ እንደ ግቢዎ። ከታች ውሃ እንዳይተኛበት ደረቅ አገዳ ይነጥፉ። ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር ገረባ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያልደረቀ የከብት ወይም የፍየል ፋንድያ፣ አንድ ጣት የማይሞላ አፈር፣ የኩሽና የአትክልት ልጣጭ ካለ እሱም፤ እንዲህ እየተደራረበ እስኪሞላ። እያንዳንዱ ድርብ ውሃ ይጠጣል። ልኩን ለማወቅ እፍኝ ሙሉ አንስተው ይጭመቁ፤ ጣትዎ መሃል እርጥበት ቢታይ ልክ ነው፣ ቢንጠባጠብ በዝቷል፣ እጅዎ ደረቅ ከሆነ ሥራው ቆሟል።

መሃሉ ላይ ረዘም ያለ እንጨት ተክለው ይተዉ። ሳምንት ሳይሞላ ሲመዘዝ ትኩስ መሆን አለበት። ካልሞቀ ወይ ደርቋል ወይ ፋንድያው አንሷል። እንጨቱ ነጭ ሻጋታ ይዞ ደርቆ ከወጣ ውሃ፣ ጥቁር ሆኖ ቢገማ ደግሞ አየር ነው የጎደለው፤ ይገልበጥ። ያለበለዚያ በሦስት ሳምንቱ አንዴ፣ ከዚያ በሌላ ሦስት ሳምንት እንደገና ይገለበጣል። ከሦስት እስከ አራት ወር ይወስዳል። የጫት እንጨቱ ሳይበሰብስ የቀረው በወንፊት ተለይቶ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ይገባል።

መድኃኒቱን በተመለከተ የሰሙት ከንቱ ወሬ አይደለም። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል፤ አንዳንዱም ከተረጨ በቀናት ውስጥ ይሸመጠጣል። የኮምፖስት ሙቀት የተወሰኑትን መድኃኒቶች ይሰብራል፤ ሁሉንም ያጠፋል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ስለዚህ የገረባ ኮምፖስት ለፓፓያው፣ ለማንጎው፣ ለአበባው ይሁን፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ለካሮት ሌላ ኮምፖስት ይጠቀሙ። አንዳንዶች ኮምፖስቱ ላይ ቦሎቄ ዘርተው «በቀለ፣ ስለዚህ ንጹህ ነው» ይላሉ። ቦሎቄው የሚነግርዎት ኮምፖስቱ መብሰሉን ነው፤ ነፍሳት የሚገድል መድኃኒት ቦሎቄን ምንም አያደርገውም። የምታለብ ፍየል ካለችዎትም ገረባ ሲሰጧት ያው ሐሳብ ይያዝ።

ለአንድ ያፈራ ፓፓያ በዝናብ መግቢያ 10 ኪሎ ያህል፣ ግንዱን ሳያስነኩ ዙሪያውን።

«ነጭ ነገር ቀዳዳውን ይደፍነዋል»

ጥያቄ፦ መልካ ጀብዱ ነኝ። የጉድጓድ ውሃ በሮቶ አጠራቅሜ በጠብታ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም አጠጣለሁ። በሁለተኛው ዓመት ግማሹ ቀዳዳ አያንጠባጥብም። የቅጠሎቹም ጫፍ ይቃጠላል። ማዳበሪያ ላብዛ?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አብረው መጥተውብዎታል፤ ማዳበሪያ ሁለቱንም ያባብሳል።

የመጀመሪያው ኖራ ነው። በድሬ አካባቢ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ስለሆነ ጠጣር ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያዎን ውስጡን ቢያዩ ያው ነጭ ነገር አለ። ጥቁሩ ቱቦ ፀሐይ ላይ ሲግል ኖራው ከውሃው ይለያል፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ይጋገራል። ለማረጋገጥ የተደፈነውን ፈቅፍቀው ኮምጣጤ ያንጠባጥቡበት። ቢፈላ ኖራ ነው። ካልፈላ ደለል ወይም አልጌ ነው፤ ያኔ መፍትሔው ፊልተር ማጠብና ሮቶውን ብርሃን እንዳያስገባ መሸፈን ነው።

ኖራውን ለማስለቀቅ ሲትሪክ አሲድ የሚባለው ዱቄት ይሠራል። መጠኑ እንደ ውሃው ስለሚለያይ በባልዲ ይሞክሩት፦ 20 ሊትር የጉድጓድ ውሃ ይዘው በማንኪያ እየቆጠሩ ይጨምሩ፣ በየጊዜው በፒኤች ወረቀት ይለኩ። ወረቀቱ ወደ 3 ሲጠጋ ስንት ማንኪያ እንደገባ ይመዝግቡና ቱቦዎቹን ለሚሞላው ውሃ ያባዙት። ቱቦው እስኪሞላ ይልቀቁ፣ ዘግተው ሰዓት ያህል ያቆዩት፣ ከዚያ የቱቦዎቹን ጫፍ ከፍተው በንጹህ ውሃ በደንብ ያጥቡ። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ጓንትና መነጽር ይደረግ። ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ቀዳዳ አሲዱ ስለማይደርስበት አይከፈትም፤ እሱ ይቀየራል። ይህ ማለት ሥራው የሚሠራው ጠብታው ሲቀንስ እንጂ ሲቆም አይደለም።

እንዳይደገም ቱቦውን ከጉዝጓዝ ሥር ያስገቡት፣ ማለዳ ወይም ማታ ያጠጡ፣ በየሁለት ሳምንቱ ጫፎቹን ከፍተው ያጥቡ። ፊልተሩ 120 ሜሽ ይሁን። ዳፕ ማዳበሪያ በጠብታው ውስጥ እያሟሙ ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ፎስፈሩ ከኖራው ጋር ተጣብቆ አሲድም በቀላሉ የማይለቀው ድንጋይ ይሠራል።

ሁለተኛው ጨው ነው። የቅጠል ጫፍ መቃጠሉ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ማዳበሪያ ራሱ ጨው ስለሆነ ሲጨመር ይብሳል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ማሳ ውሃውን ወደ ሰማይ ይሰጣል፣ ጨውን ያስቀራል። ስለዚህ አራርቆ፣ ግን ጠልቆ ማጠጣት፤ ተክሉ ከሚፈልገው ከ15 እስከ 20 በመቶ አብዝቶ ማጠጣት፣ ትርፉ ውሃ ጨውን ከሥሩ በታች ይዞት ይወርዳል። ይህ የሚሠራው አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ብቻ ነው። ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ቢሞሉበት በማግስቱም ከቆመ፣ ማጠቡ ጨውን ያነሳዋል እንጂ አያወርደውም።

ሰብሉንም ይምረጡ። በአፈር ላቦራቶሪ በዴሲሲመንስ በሜትር የሚለካው የጨው ልክ 1 ሲያልፍ ቦሎቄ ምርት መቀነስ ይጀምራል፣ ሽንኩርት በ1.2፣ ብርቱካን በ1.7፣ ቲማቲም በ2.5፤ ማሽላ ግን እስከ 6.8 ይታገሳል። ሽንኩርትዎ ከቲማቲሙ ቀድሞ የተጎዳ ከሆነ ምልክቱ ይሄው ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ስለሆነ አፈሩንም ውሃውንም ሳያስመረምሩ አዲስ ቱቦ አይግዙ።

«ሁሉም ጫት እየተከለ ነው፤ መሬቱ ምን ይሆናል?»

ጥያቄ፦ ከድሬ ጥያራ። አባቴ ማሽላና ቡና ነበረው፤ እኔ ጫት ልተክል ነው። መሬቱን ይገድላል የሚሉም አፈር ይይዛል የሚሉም አሉ።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጫት ሥሩ ዓመቱን ሙሉ መሬት ውስጥ ስለሆነ፣ ተዳፋቱን አቋርጦ በረድፍ ከተተከለ፣ በየዓመቱ ከሚታረስ ማሽላ ይልቅ አፈር ይይዛል። ላይና ታች በሚወርድ ረድፍ ከተተከለ ደግሞ በረድፎቹ መሃል ለጎርፍ መንገድ ጠርገውለታል። ሰው በረድፍ ውስጥ ሲመላለስ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ ያ መንገድ ነው ኋላ ቦረቦር የሚሆነው። በሐረርጌ አሮጌው አተካከል ረድፎቹን አራርቆ በመሃል እህል ማስገባት ነበር፤ እኛም ይህንኑ እንመርጣለን። በጫት ረድፎች መካከል 3 ሜትር ቢተው ሦስት የማሽላ መስመር ይገባል፣ በ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት። በሚቀጥለው ዓመት ቦሎቄ ወይም ለውዝ።

ጉዳቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ከሌላ ዛፍ ቅጠል ይረግፋል፣ አፈሩን ይመግባል። የጫት ቅጠል ግን ተጠቅልሎ ገበያ ይሄዳል፤ ማሳው በየዙሩ ይሰጣል፣ ምንም አይመለስለትም። ፋንድያ በየዓመቱ ካልገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀንበጡ ይቀጥናል፣ ያኔ ሰው ዩሪያና ውሃ ያበዛል። ውሃው ደግሞ ማለቂያ የሌለው አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደርቆ ሐረር የቧንቧ ውሃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ለማምጣት ተገዳለች። ሐይቁን ያደረቀው አንድ ነገር አይደለም፦ ከዙሪያው ኮረብታ የወረደ ደለል ሞላው፣ ለጫትና ለአትክልት የተተከሉ ፓምፖች መጠጡት፣ ከተሞቹም ጠጡ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶ ታይቷል። ፓምፑም ተመልሷል ወይ የሚለውን ለአንባቢ እንተወዋለን።

የአባትዎን ቡና አይንቀሉት። ሐረር ቡና በዓለም ገበያ ላይ በስሙ የሚፈለግ ነው፤ ያረጀ ግንድ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ላይ በሰያፍ ተቆርጦ፣ ከሚያቆጠቁጡት ጤነኞቹን ሁለት ሦስት ብቻ ማስቀረት ቢሞከር ይሻላል።

«ገርቢውን ቆርጬ ከሰል ላድርገው?»

መልስ፦ አይቁረጡ። ገርቢ የሚባለው የግራር ዓይነት ከሌላው ዛፍ የሚለይበት ነገር በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ መልበሱ ነው። ማሽላው ብርሃን ሲፈልግ ጥላ የለበትም፣ ቅጠሉ ደግሞ አፈር ላይ ወድቋል። በሐረርጌ ደጋ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ከገርቢ ሥር የበቀለ እህል ከክፍቱ ማሳ በአማካይ 56 በመቶ ብልጫ እንዳሳየ ለክቷል። ፍሬው ለፍየል መኖ ነው። የታችኛው ቅርንጫፍ በሬ ካስቸገረ እሱን ብቻ ይመልምሉ።

«አቀንጭራ ነቅዬ ነቅዬ ደከመኝ»

ጥያቄ፦ ከኤረር። ነቅዬ ስጨርስ ማሽላው ያው ቀጭጮ ይቀራል። ታዲያ መንቀሉ ምን ጥቅም አለው?

መልስ፦ ለዘንድሮው ማሽላ ብዙም ጥቅም የለውም፤ እውነቱን ማወቅ ይሻላል። አቀንጭራ ከመሬት ሲወጣ ጉዳቱን አድርሶ ጨርሷል፤ ሥሩ ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ለሳምንታት ሲመጠምጥ ቆይቷል። የሚነቀለው ለሚመጣው ዓመት ነው። አንዷ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ታፈራለች፤ ዘሩም መሬት ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ ሐምራዊ አበባዋ ከመታየቱ በፊት፣ በየሁለት ሳምንቱ። ያበበችውን ማሳ ዳር አይጣሉ፤ ያቃጥሉ። ከብት ከበላትም ዘሩ በፋንድያ ተመልሶ ይመጣል፣ ያ ፋንድያ ሳይበሰብስ ማሳ አይግባ።

ዘሩን ከመሬት የሚያወጣው ማታለል ነው። የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው ከሥር የሚወጣ ጠረን ሲደርሰው ነው። ለውዝና ካውፒ ያንን ጠረን ይሰጣሉ፣ አቀንጭራ ግን እነሱ ላይ መጣበቅ አይችልም፤ ይበቅልና በረሃብ ይሞታል። በባቢሌ በኩል ማሽላን ከለውዝ ጋር ማፈራረቅ ልማድ የሆነበት ምክንያት ይህ ባይሆንም ጥቅሙ ይሄም ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በተከታታይ ማፈራረቅ ይፈልጋል፤ አንድ ዓመት ሞክረው አልሠራም አይበሉ። ለውዙ ሲሰበሰብ ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ለከብት ከሄደ አፈሩ ውስጥ የሚቀረው ናይትሮጅን ጥቂት ነው፤ ማሳውም ለነፋስና ለጎርፍ ይጋለጣል። ፋንድያው መመለስ አለበት፤ አቀንጭራ የሚበረታው ደግሞ በተራበ አፈር ላይ ነው።

ጎቢዬና አብሽር የሚባሉት የማሽላ ዝርያዎች አቀንጭራን ይቋቋማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተሸለሙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ከሚታወቁባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። የኤረር ገበሬ ቅሬታ እናውቃለን፦ አገዳቸው አጭር ነው። አገዳ እዚህ አገር ግማሽ ምርት ነው፤ ለከብት፣ ለማገዶ፣ ለቤት። ስለዚህ ማሳውን ሁሉ ሳይሆን አቀንጭራ የበዛበትን ክፍል ብቻ በእነሱ ይሸፍኑ።

«ፋራሚሲሳ በእጅ ይነቀላል?»

መልስ፦ ፋራሚሲሳ (ፓርቴኒየም የሚባለው አረም) ይነቀላል፣ በጓንት። ቆዳ ያሳክካል፣ ዱቄቱ ትንፋሽ ይይዛል። ዝናብ አፈሩን ባለሰለሰ ማግስት፣ ነጩ አበባ ከመውጣቱ በፊት፤ ከበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ሊያብብ ስለሚችል ጊዜው አጭር ነው። በማጭድ ከተቆረጠ ከግርጌው ያቆጠቁጣል። ያላበበው ኮምፖስት ይሆናል፣ ያበበው ይቃጠላል። ላም ከበላችው ወተቱ ይመራል። መሬቱ ራቁቱን ከቀረ በሚቀጥለው ዝናብ ይመለሳል፤ ከነቀሉ በኋላ ሳር ይዝሩበት፣ ለአንድ ክረምትም ከግጦሽ ይከልሉት።

«ገመገሙን ማረስ ክልክል ነው?»

መልስ፦ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራ ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በ2016 አዲስ አዋጅ ስለወጣ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ከቀበሌዎ የመሬት አስተዳደር ይጠይቁ። ልኩ ግን ለማንኛውም ገበሬ ይጠቅማል። በ2 ሜትር ሲባጎ ይለኩት፦ ሲባጎው ልክ ሲሆን የታችኛው ጫፍ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከራቀ 30 በመቶ፣ 1 ሜትር ከ20 ከራቀ 60 በመቶ ነው።

«ደቻቱ ግንብ አለው፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?»

ጥያቄ፦ የከተማ ሰው ነኝ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የነበረውን ጎርፍ የማይረሳ የድሬ ሰው የለም። ከላይ ያሉት ገበሬዎች ምን ቢያደርጉ ነው እኛ የምንድነው?

መልስ፦ ያ ጎርፍ ሌሊት ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ነፍስ ወስዷል፤ ከተማው ላይ የዘነበው ዝናብ ግን ብቻውን ያን ያህል ውሃ አልነበረም። ውሃው የመጣው ከደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ነው። ግንብ ውሃውን በመንገዱ ያቆየዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ደለል አሸዋ ወለሉን ከፍ ባደረገው ቁጥር ደግሞ ግንቡ በዚያው ልክ ያጥራል።

ከላይ የሚሠራው ሥራ ከአናት ይጀምራል። ገመገሙ ላይ 2 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ወርድና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ትሬንቾች (ውሃ ማቆሪያ ጉድጓዶች) ተዳፋቱን አቋርጠው፣ ከላይ ያለው ክፍተት በታችኛው ረድፍ እየተዘጋ፤ እያንዳንዱ 600 ሊትር ያህል ይይዛል። ከብት ወጥቶ ሳሩ ሲመለስ ትሬንቹ ራሱ አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ግን ሥራው ከታች፣ ቦረቦሩ ውስጥ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) በመደርደር ይጀመራል፤ ጋቢዮን ፎቶ ላይ ያምራል። ከላይ ያልተያዘ ውሃ ጋቢዮኑን በአንድ ክረምት በደለል ይሞላውና በላዩ ይሻገራል።

ቦረቦሩ ውስጥ የሚሠራ የድንጋይ ክትር፣ ለቢዮ አዋሌው ጠያቂም ጭምር፣ ከ1 ሜትር ብዙ አይበልጥ። ረጅም አንድ ክትር ከመሥራት አጫጭር ብዙ ይሻላል። ርቀታቸው እንዲህ ይወሰናል፦ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር ግርጌ ጋር እኩል ከፍታ መሆን አለበት። በ10 በመቶ ለሚወርድ ቦረቦር ባለ 1 ሜትር ክትር በየ10 ሜትሩ ማለት ነው። ከዚህ ከተራራቀ ውሃው በመሃል ፍጥነት ያገኛል፣ የታችኛውን ክትር ሥር ይቦረቡራል።

ክንፎቹ በግራና በቀኝ ግድግዳው ውስጥ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይግቡ። መሃሉ ከክንፎቹ ዝቅ ይበል፤ ውሃው በመሃል ካላለፈ በዳር ዞሮ ግድግዳውን ቆርሶ ይሄዳል፣ ክትሩ መሃል ሜዳ ላይ ለብቻው ቆሞ ይቀራል። ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ የክትሩን ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ የሚሆን የድንጋይ ንጣፍ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ተመልሶ ማየት የግድ ነው፤ የተነቃነቀች አንድ ድንጋይ ያኔ በእጅ ትመለሳለች። ደለሉ ሲሞላ ክትሩ ሥራውን ጨርሷል፤ ደለሉ ላይ ዝሆኔ ሳር ይተከል፣ ከኋላውም ሁለተኛ ድርድር ከፍ ይደረግ።